የአሮጌ ፒክአፕ ቀለም አልገጥም ሲል

በሩ ተቀብቶ ደርቋል፣ ተገጥሟል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ስታዩት ከሌላ መኪና ተፈትቶ የመጣ ይመስላል። ያኔ መጀመሪያ የሚረገመው ቀለም ቀላቃዩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አሮጌ መኪና ላይ ሁለት «ኦሪጅናል» ቀለም አለ። አንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው፣ ሌላው ዛሬ በዓይናችን የምናየው። የትኛውን እንደምንፈልግ ሳንወስን ሄደን ነው የምናዘው።

በኮዱ ተሠርቶ ከቀረው አካል ጋር አይመሳሰልም

ኮዱ፣ ማለትም መኪናው ላይ ባለ ሰሌዳ የተጻፈው የፋብሪካው የቀለም ቁጥር፣ የሚናገረው መኪናው አዲስ ሳለ ስለነበረው ቀለም ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትበላው ኖራለች። ቀይ ቶሎ ይለቃል፣ ነጭ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ኮፈኖውን በእጃችሁ ስታብሱ መዳፍ ላይ የሚቀረው ዱቄትም ከዚያው የመጣ ነው። ቀለሙን አጣብቆ የያዘው ነገር በፀሐይ ተበልቶ ያለቀበት ንጣፍ ነው።

ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት መዳፍ የሚያህል ቦታ በፖሊሽ አጽዱ። ቀለም የሚያነብ መሣሪያ ያለው ቀላቃይ ጋ ብትሄዱም ያው ነው፤ ያልጸዳ ቦታ ካስነበባችሁት ዱቄቱን አንብቦ ይሰጣችኋል።

መኪናው በሙሉ የሚቀባ ከሆነ ፀሐይ የበላውን እርሱትና በኮዱ ሂዱ። አንድ በር ብቻ ከሆነ ኮዱ መነሻ ይሁን፤ ቀላቃዩ ከዛሬው ቀለም ጋር ያስማማው። ያም ሆኖ አዲሱን ቀለም በሩ ጠርዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙት። ወደ ፓራፋንጎው እያሳሳችሁ አስገቡት። ቀስ እያለ የሚለወጥን ቀለም ዓይን አይነቃበትም፤ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የሚቆመውን ግን ወዲያው ይይዘዋል።

ኮዱ የለም፣ ወይም ኮዱና ቀለሙ አይስማሙም

የኮዱን ሰሌዳ ሞተሩና ጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ፣ በበሩ ምሰሶና በዳሽቦርዱ ዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ ፈልጉ። ቶዮታ ላይ 040 የሚል ካገኛችሁ መኪናው ነጭ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቀይ ከሆነ አንድ ሰው መሃል ላይ ቀብቶታል። አለዚያ በሩ ራሱ የሌላ ፒክአፕ ነው።

ሰሌዳው ከጠፋ ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጉ። የበሩ ጎማ ሥር፣ መቀመጫው ሥር፣ የበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ። እኔ አንዱን ፒክአፕ ሰማያዊ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተከራክሬአለሁ። ከዚያ የዕቃ ማስቀመጫውን ክዳን ፈትቼ ገለበጥኩት። ጀርባው እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነበር። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ይህም ካልሠራ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሳችሁ የሳንቲም ያህል ክብ ፈግፉ። ላሜራው መሃል ላይ ብቅ እስኪል ድረስ፣ ከዚያ ዳሩን በ1000ና በ2000 አለስልሱት። ንጣፎቹ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት ቀለበት ሆነው ይወጣሉ። ከላሜራው ቀጥሎ ያለው ግራጫ ወይም ቀይ ቡኒ ንጣፍ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ፣ ነው፤ እሱን ኦሪጅናል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የፋብሪካው ቀለም የሚቀጥለው ቀለበት ነው። አደራ፣ በደረቁ አትፈግፉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙ መርዝ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ገጥሞ ፀሐይ ላይ ይለያል

ይህ ሰውን የሚያሳብድ ችግር ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ብዙ የድሮ ቢጫና ብርቱካን ቀለሞች የሚሠሩት ከእርሳስ ክሮሜት ነበር። የዛሬዎቹ ከሌላ ነገር ይሠራሉ። ሁለቱ በአንድ መብራት ሥር አንድ መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ናሙና ካርድ ላይ ረጩና በቀን ብርሃን፣ በጥላና በአምፖል ሥር እዩት። በሦስቱም ካልገጠመ ቀላቃዩ ሌላ ግብአት ይሞክር። እንቢ ካለ በቀን ብርሃን የገጠመውን ያዙ፤ መኪና የሚታየው ደጅ ነው። በስልክ ፎቶ ማዘዝማ ጨርሶ አይታሰብ።

ሜታሊኩ ከፊት ይገጥማል፣ ከጎን አይገጥምም

እዚህ ላይ እንደገና ከማስቀላቀል በፊት እጃችሁን መርምሩ። በጣም ርጥብ ተደርጎ ከተረጨ ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያሉት የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ይሰምጡና ቀለሙ ይጨልማል። ደረቅ ሲረጭ ላይ ላዩን ይቀሩና ይነጣል። አንዱ ጣሳ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ቀለም ይሆናል የሚባለው ለዚህ ነው። ካርዱንም መኪናውንም ያው ሰው፣ በያው ስፕሬይ፣ በያው ግፊት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይርጭ።

ቀለሙ ልክ ነው፣ መኪናው ግን «አዲስ» መሰለ

ጥፋቱ የክሊሩ፣ ማለትም ከላይ የሚደረበው ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ንጣፍ፣ ነው። ከቀለም ላይ ክሊር መደረብ በሰፊው የተለመደው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፒክአፕ ላይ ስታለብሱት መስታወት ይሆንና የማይገባ ጥልቀት ያመጣል። ክሊር የማይፈልገውን ባለ አንድ ደረጃ ቀለም ጠይቁ። ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክረው ቅልቅል) የሚገባበት ከሆነ ተራ የአቧራ ማስክ አይበቃም፤ ንጹህ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭንብል ያስፈልጋል።

ሲረጭ ተሸበሸበ

አዲሱ ቲነር የሥሩን ቀለም ቀሰቀሰው። አስቀድማችሁ በቲነር የራሰ ጨርቅ የማይታይ ቦታ ላይ ለጥቃችሁ ትንሽ ቆዩ። ከሟሟ ወይም ካበጠ ቲነሩን የሚችልና ሁለቱን ቀለሞች የሚለይ ፕራይመር ሳታስቀድሙ አትቀቡ።

ሁለተኛው ጣሳ ከመጀመሪያው ለየት አለ

ጣሳዎቹን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ፣ ሥር የተኛውንም አማስላችሁ ጀምሩ። መሃል ላይ ሊያልቅባችሁ ከሆነ ኮፈኖ አጋማሽ ላይ አትቁሙ፤ ኮፈኖውን ጨርሱና ፓራፋንጎው ነገን ይጠብቅ።