በቤተ ክርስቲያን ሽምግልና የሚሠሩ ስህተቶች

በገንዘብ የተጣሉ ሁለት ምዕመናን ክሱን ትተው የነፍስ አባታቸው ወይም መጋቢያቸው ዘንድ ሲሄዱ ደስ ይላል። ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 የወቀሰው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለከሰሰ ነው። ግን ጥሩ የተጀመረ ሽምግልና በአካሄድ ይበላሻል።

ሳይሰሙ «ይቅር በለው» ማለት። ማን ምን እንደወሰደ ሳይጣራ «ለእግዚአብሔር ብለህ ተወው» ይባላል። ጳውሎስ እኮ የጠየቀው በወንድሞች መካከል የሚፈርድ ጥበበኛ ነው። የሚፈርድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይሰማል፣ ደረሰኝም ያያል። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የአንዱን ወዳጅ መምረጥ። ተበዳሪው ለሕንፃው ግንባታ ትልቅ ገንዘብ ሰጥቶ ከሆነ፣ ሽማግሌው ከሕንፃ ኮሚቴው ባይሆን ይሻላል።

ጸልዮ መለያየት፣ ወረቀት ሳይጻፍ። ብዙ ዕርቅ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 የዕርቅ ስምምነትን በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ትልቅ ጉልበት ነው! በቃል ብቻ ከቀረ ግን ከስድስት ወር በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ይመጣል። ስለዚህ መጠኑን፣ የመክፈያውን ቀን፣ ባይከፍል የሚሆነውን ጻፉ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። ክስ ተጀምሮ ከሆነ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርቡ። ከተመዘገበ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። «በወንድሜ እንዴት አላምንም?» የሚል ካለ፣ መፈረም ለምን እንደከበደው ጠይቁት።

ይርጋን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የሕግ ጊዜ ገደብ፣ መርሳት። ሽማግሌዎች ቀጠሮ ሲያራዝሙ የሕጉ ጊዜ ይነጉዳል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ለመኪና ግጭት፣ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይዘጋል። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መክሰስ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። «ሽምግልና ላይ ነበርን» ማለት ላያድን ይችላል። አንድ መላ አለ፦ ተበዳሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፣ ጊዜውም እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። በመጀመሪያው ስብሰባ ይህንን አስፈርሙ።

ሁሉንም ጉዳይ ለሽማግሌ መስጠት። ድብደባና ሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት የፖሊስ ጉዳይ ነው። ተጎጂዋን ከደብዳቢዋ ጎን አስቀምጦ «ታረቁ» ማለት ነውር ነው። ትዳር ላይ ሽማግሌ ቢመክር ይበጃል። ፍቺ ላይ ከተደረሰ ግን በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጋብቻውን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹን ወረቀት ይዞ ሌላ ጋብቻ መፈጸም ሌላ መዘዝ ያመጣል።