ዱን ሦስት እስኪመጣ፦ ምን እንጠብቅ፣ ምን እንተው

ከፍራንክ ኸርበርት የሳይንስ ልብ ወለድ ለተወሰደው ለሦስተኛው የዱን ፊልም ቀን ተቆርጦለታል። ዲሴምበር 18 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ማለት ነው። ደጋፊው ከወዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ከክፍል ሁለት የባሰ ጦርነት፣ የባሰ ትልልቅ የበረሃ ትል፣ የባሰ ፍንዳታ ይጠብቃል፤ መጽሐፉን ያነበበው ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ እንዳለ ስክሪን ላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ሁለቱም እየተነጫነጩ ከሲኒማ የሚወጡ ይመስለኛል። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ሰው ባልሆነ ግምት ገብቶ ሳያጣጥመው ቢቀር ያንገበግበኛል። ስለዚህ እንዴት ብትጠብቁት እንደሚሻል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክፍል ሁለትን ደግማችሁ እዩት። ጊዜ ካጠራችሁ መጨረሻውን ብቻ። ግን በዚህኛው ዙር ዓይናችሁን ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከፖል ላይ አንሱና ፍቅረኛው ቻኒ ላይ ጣሉት። ፖል ጠላቱን ፈይድ ራውታን በጩቤ ይገድለዋል፣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ኢሩላንን እንደሚያገባ በሁሉም ፊት ይናገራል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተንበርክኮ ቀለበቱን ይስማል፣ የበረሃው ሕዝብ ፍሬመኖቹ ይንበረከካሉ። ቻኒ ግን ቆማ ትቀራለች። ከዚያ ማንንም ሳትሰናበት ትወጣለች፣ በረሃው ላይ ሆና የምትጋልበውን ትል ትጠራለች፣ ፊልሙም የእሷን ፊት እያሳየ ያልቃል። ያሸነፈውን ሰው ፊት አይደለም የተዉልን፤ የተከዳችውን ሴት ነው። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ ወዴት እየወሰደን እንደሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ምልክት የለም።

መጽሐፍ አንባቢዎች፣ እናንተም እዚህ ጋ ልብ በሉ። በፍራንክ ኸርበርት መጽሐፍ ቻኒ ጥላው አትሄድም። ኢሩላን በስም ሚስት ስትሆን፣ ቻኒ የልቡ ሴት ሆና አብራው ትኖራለች፣ ሁለተኛው መጽሐፍም የሚነሳው ከዚያ ነው። የፖል እህት አሊያም በመጽሐፉ ገና ሕፃን እያለች የቤተሰቧን ጠላት ባሮኑን የምትገድለው እሷ ናት፤ ፊልሙ ላይ ግን ገና ከእናቷ ማኅፀን አልወጣችም። እንግዲህ መነሻው ተቀይሮ መድረሻው እንዳለ ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ አይሆንም። ቪልነቭ ቻኒን ለመመለስ መጽሐፉ ላይ የሌለ መንገድ መፈለግ ግድ ይለዋል። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ ይሄ ነው፣ ቻኒን የምትጫወተው ዘንዳያም ያንን የመሰለ ቁጣ ይዛ ስትመለስ ማየት።

መጽሐፉን ይነበብ ወይስ አይነበብ? እኔ አንብቡት ባይ ነኝ። ፊልሙ የሚነሳበት ሁለተኛው መጽሐፍ «የዱን መሲሕ» በ1969 የወጣ ሲሆን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ግማሹን እንኳን አያክልም። ለማንበብ ፍላጎቱ ከሌላችሁ ግን ቢያንስ ይሄን ያህል እወቁ፦ ታሪኩ ከመጀመሪያው መጽሐፍ 12 ዓመት በኋላ ነው የሚጀምረው። ፖል ነግሷል። በስሙ የተነሳው የሃይማኖት ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው ፈጅቷል፤ ቁጥሩን የሚናገረው ደግሞ ራሱ ፖል ነው። ያውቀዋል፣ ግን ማቆም አልቻለም። ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው ሴራ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ንግግር፣ ጥርጣሬ፣ መርዝ የተቀባ ስጦታ የሚመስል ነገር። በመጀመሪያው ፊልም የሞተው የፖል ወዳጅ ዱንካን አይዳሆ ተመልሶ ይመጣል፣ እሱን የሚጫወተው ጄሰን ሞሞአም የተመለሰው ለዚህ ነው። እንዴት እንደሚመለስና ለምን እንደተላከ አልነግራችሁም። ቪልነቭ የጦር ትዕይንት ከራሱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ግን የታሪኩ ነፍስ እዚያ አይደለችም። የጀግና ፊልም ሳይሆን የሚያሳዝን ፊልም ልታዩ እንደሆነ ራሳችሁን አሳምኑ።

በዚህ ታሪክ የሚከፋው ደግሞ የዛሬ ደጋፊ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ዱን በአናሎግ መጽሔት በተከታታይ ያወጣው አዘጋጅ ጆን ካምቤል ሁለተኛውን አላትምም ብሎ መልሶታል። ያ ሁሉ አንባቢ የወደደው ጀግና እንዲህ ሲሆን ማየት አልፈለገም። ኸርበርት ግን መጀመሪያውኑም ፖልን እንድናመልከው አልጻፈውም፤ ሕዝብ አንድን ሰው አዳኜ ብሎ ሲከተል ምን እንደሚመጣ ነበር ሊያሳየን የፈለገው። አንባቢው በፖል ፍቅር ሲወድቅ በሁለተኛው መጽሐፍ ነገሩን ፍርጥ አድርጎ ነገረን። ቪልነቭም ክፍል ሦስትን መሥራት የፈለገው የኸርበርትን ሐሳብ እዳር ለማድረስ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ወሬን በተመለከተ፣ ጠንቀቅ በሉ። «ሾልኮ ወጣ» የሚባል ነገር በየቀኑ አለ። ከራሱ ከዳይሬክተሩ፣ ከተዋናዮቹ ወይም ከዋርነር ብራዘርስ ካልሰማችሁ እለፉት። ትሬለርም አንዱን አይታችሁ ቀሪውን ተዉት፣ ምክንያቱም ትሬለር የሚሠራው ቲኬት ለመሸጥ ነው። በ2021 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም አስታውሱ። ፖስተሩ ላይ «ዱን» ብቻ ነበር የሚለው፣ «ክፍል አንድ» የሚለውን ያየነው ሲኒማ ገብተን መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ስንቱ ሰው ታሪኩ ግማሽ ላይ ሲቆረጥበት ተናደደ! ክፍል ሁለት እንደሚሠራ የተረጋገጠውም ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ከቀናት በኋላ ነበር።

ቀኑም ቢሆን እስኪደርስ ድረስ ቀን አይደለም። የመጀመሪያው በኮሮና ምክንያት ከ2020 ወደ 2021 ተገፍቷል፣ ሁለተኛው በተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ የተነሳ ከኖቬምበር 2023 ወደ ማርች 2024 ዞሯል። ፊልሙን አስባችሁ ፈቃድ ወይም ጉዞ የምታመቻቹ ካላችሁ ይሄን ግምት ውስጥ አስገቡ።

ምስሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። በመጀመሪያው ፊልም ኦስካር የወሰደው የካሜራ ባለሙያ ግሬግ ፍሬዘር በዚህኛው የለም፣ ቦታውን የያዘው ሊነስ ሳንድግሬን ነው። የቀደሙት ሁለቱ በዲጂታል ካሜራ ነው የተቀረጹት፣ በዚህኛው ግን ለግዙፍ ስክሪን የሚሆነው፣ እንደ ድሮው በጥቅል ፊልም የሚቀርጸው የአይማክስ ካሜራም ገብቶበታል። ስለዚህ ቀለሙ፣ ብርሃኑ፣ የፊት ቆዳ አወጣጡ ሁሉ ቢለወጥ «ምን ሆኑ?» አትበሉ። ሃንስ ዚመር ግን አለ፣ ሙዚቃው ላይ ስጋት የለኝም። ዲሲ፣ ዱባይ ወይም ለንደን አካባቢ ያላችሁ የአይማክስ ሲኒማ ፈልጋችሁ እዩት፤ በስልክ የሚታይ ፊልም አይደለም።

ቲኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ። አዲሱ የአቬንጀርስ ፊልምም የተያዘለት ቀን ያው ዲሴምበር 18 ነው፣ ቅዳሜና እሁዱ ይጨናነቃል። መጽሐፉን ያላነበበ ጓደኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ስለ ዱንካንም ስለ ቻኒም አንዲት ቃል እንዳታወጡ።