ለዱር እንስሳት ጥበቃ አጋርና ገንዘብ ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፓርኮች ወዳጅ አጥተው አያውቁም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከላሊበላ ጋር በመላው ዓለም ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። የባሌ ተራሮችም በ2023 ተመዝግቧል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የውጭ መንግሥታትና የጥበቃ ድርጅቶች እየተፈራረቁ ባለሙያ ልከዋል፣ መኪና ሰጥተዋል፣ ጥናት አስጠንተዋል። ያም ሆኖ የሰሜን ተራሮች ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ከመዝገቡ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጦርነት መጣ፤ የዋልያ ቁጥርም እንደገና አሽቆለቆለ።

ስለዚህ ገንዘቡ ምን ያህል ነው ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በምን ውል መጣ? ምን ላይ ዋለ? ሲቆምስ ማን ተረከበው? ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች ደጋግመን እንሠራቸዋለን። የፓርክ ጽሕፈት ቤቶች፣ የወረዳ ኃላፊዎች፣ አገር በቀል ማኅበራት፣ እንዲሁም በውጭ አገር ሆነው «ምን እናድርግ?» የሚሉ ወገኖች ከመፈረማቸውና ከመለገሳቸው በፊት ቢያዩአቸው እወዳለሁ።

የመሬቱ ጥያቄ ሳይፈታ ውል መፈረም

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ከአርባ ምንጭ ከተማ ሥር፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ይገኛል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን «የእግዜር ድልድይ» ተሻግሮ ሜዳው ላይ የወጣ ሰው የሜዳ አህያው መንጋ በሣሩ ውስጥ ሲጓዝ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት የፓርኩን አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ለተባለው ድርጅት በውል ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክም ተጨመረ። ድርጅቱ ገንዘብ ነበረው፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወደቁ ፓርኮችን ያነሣ ድርጅት ነው። በነጭ ሣር ግን በፓርኩ ክልል ውስጥ የኮሬና የጉጂ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ኮሬዎች ያርሳሉ፤ ጉጂዎች ከብት ያረባሉ። በኦሞም ሙርሲን ጨምሮ የበርካታ ሕዝቦች የእርሻና የግጦሽ መሬት በፓርኩ ወሰን ውስጥ ይገባል። መሬቱ የማን ነው፣ ማን ይነሣል፣ ማን ይቆያል የሚለው ጥያቄ በስምምነት አልተዘጋም። ድርጅቱ በ2008 ሁለቱንም ፓርኮች ለቅቆ ወጣ።

ገንዘብም፣ ልምድም፣ የመንግሥት ፈቃድም ነበረ። ያልነበረው በመሬቱ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ስምምነት ነው። ችግሩ የአንድ ድርጅት ጥፋት ብቻ ተደርጎ መወሰዱን አልስማማበትም። ፓርኮቻችን ብዙዎቹ ከሕግ ወሰን በፊት ስም ነበራቸው። የባሌ ተራሮች ፓርክ የተመሠረተው በ1970 ሲሆን በሕግ የተከለለው ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ መሐል የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ማሳውን አርሶ ይገኛል። አጋር ከመፈለጋችሁ በፊት ወሰኑ ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር በእግር ተሄዶ መከለሉን አረጋግጡ። ካልተከለለ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ጠይቁ። ለጋሹ «ይህ ጥበቃ አይደለም» ካለ፣ ከዚያ ለጋሽ ጋር አለመፈራረም ይሻላል።

ነዋሪዎች ተስማምተው ሲነሡም ሥራው አያበቃም። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛውረዋል፤ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ እንዲወጣም ይህ አንዱ ምክንያት ሆኗል። በደጋ ላይ ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ ግን ከተማ ዳር ሲደርስ አዲስ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል። የካሳው ገንዘብ ቤት ሊሠራለት ይችላል፤ ሙያ ግን አይሆነውም። ለማዛወሪያ የተመደበ በጀት ከማዛወሩ በኋላ ላሉት ዓመታትም መመደብ አለበት።

መኪና ገዝቶ ነዳጅ መርሳት

ወደ ብዙ የጥበቃ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ግቢ ቢገቡ በሩ ላይ የለጋሽ ዓርማ የተለጠፈበት፣ ጎማው ተንፍሶ ድንጋይ የተደገፈ መኪና አያጡም። ሲገዛ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ርክክብም ተደርጓል። የነዳጁ፣ የመለዋወጫውና የሾፌሩ ውሎ አበል ግን በማንም በጀት ውስጥ አልተጻፈም። ለጋሽ ቋሚ ንብረት መግዛት ይወዳል፤ የሥራ ማስኬጃ ሲባል ፊቱን ያዞራል። መንግሥትም ደመወዝ ከከፈለ በኋላ እጁ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የስካውቱን፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂውን፣ ሕይወት ተመልከቱ። በባሌ ተራሮች ያለው የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ስካውቱ ለቅኝት ወጥቶ ውጭ ያድራል። ደመወዙ ከመንግሥት ይመጣል። የዝናብ ልብሱ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማው፣ ድንኳኑ፣ የቅኝት ስንቁ፣ የፈረሱ ገብስ ከየት ይምጣ? እነዚህ ከሌሉ ቅኝቱ የመኪና መንገዱን ተከትሎ ይቀራል። አስታ የተባለውን የደጋ ዛፍ የሚቆርጠውም፣ ከብቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባውም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። አንድ ለጋሽ ምን ልስጥ ብሎ ቢጠይቀኝ ጫማና የነዳጅ ወጪ እለዋለሁ። በሪፖርት ሽፋን ላይ አያምርም፤ ፓርኩን የሚጠብቀው ግን እርሱ ነው።

ለሦስት ዓመት ፕሮጀክት መንደፍ

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ያደጉት ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ከብት ጠባቂዎች ይዘዋቸው ከሚወጡት ውሾች የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ይተላለፍባቸዋል። በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ወብ ሸለቆ ሲገባ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በሽታው በ2008 እና 2009፣ ከዚያም በ2014 ተመልሶ መጥቷል።

ተመላላሽ በሽታ የፕሮጀክት ዘመን አያውቅም። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 ጀምሮ እስከ ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ መቆየቱ ነው ዋናው ጥንካሬው። የቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለረጅም ዓመታት አልተለየውም፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እንዲሁ። የመንደር ውሾች በየዓመቱ ይከተባሉ፤ ቡችላ በየዓመቱ ይወለዳልና። አንድ ዓመት ከተዘለለ ያልተከተበ ትውልድ ሜዳው ላይ አለ ማለት ነው። ከረጅም ሙከራ በኋላ ከ2018 ጀምሮ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በአፍ የሚወሰድ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ፣ ውሾችና ሌሎች እንስሳት እንዳይቀድሙ በሌሊት በቀበሮዎቹ መንገድ ላይ ይጣላል። ይህንን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች የቀበሮውን መንጋ ቤተሰብ በቤተሰብ ለይተው ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በሦስት ዓመት ውል አይገነባም፤ ውሉ ተቋርጦ ሠራተኛው ሲበተን ግን በአንድ ወር ይጠፋል።

ከአፍሪካ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። በሞዛምቢክ የጎሮንጎሳ ፓርክ በእርስ በርስ ጦርነቱ አብዛኞቹን ትልልቅ እንስሳት አጥቶ ነበር። መንግሥት ከካር ፋውንዴሽን ጋር በ2008 ለ20 ዓመት ተፈራረመ፤ በ2018 ደግሞ ለተጨማሪ 25 ዓመት አራዘመው። እኛ የሦስት ዓመት ሰነድ ይዘን የዚያን ፓርክ ውጤት መጠበቅ አይገባንም።

በአንድ እግር መቆም

በቱሪስት ብቻ የሚተማመን ፓርክ በ2020 ምን እንደደረሰበት አይተናል። በመጋቢት ወር ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላን ቆመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ጦርነት ተጀመረ። በደባርቅ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ፣ አጃቢ ስካውቱ በአንድ ጊዜ ገቢያቸውን አጡ። ከዱር እንስሳት ይጠቀም የነበረ ሰው ገቢው ሲቋረጥ ፊቱን ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ቢመልስ አይፈረድበትም።

በአንድ ለጋሽ መተማመንም ያው ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቋርጥ በበርካታ አገሮች የጥበቃ ሥራዎች ዓመታዊ በጀታቸው በአንድ ቀን ተቆርጧል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለበጀት ዕቅድም ይሠራል። ከመንግሥት፣ ከመግቢያ ክፍያ፣ ከሁለትና ከሦስት ለጋሾች፣ ከአገር ውስጥ ኩባንያዎች ጥቂት ጥቂት ይሰብሰብ። ከየዓመቱ ገቢም የተወሰነው እንደ ጥሪት በባንክ ይቀመጥ።

ኅብረተሰቡን ተረጂ ማድረግ

«የአካባቢው ኅብረተሰብ ተጠቃሚ ይሆናል» የማይል የፕሮጀክት ሰነድ የለም። ስንት በመቶ፣ መቼ፣ በማን እጅ በኩል የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ዩጋንዳ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶውን በዙሪያው ላሉ ማኅበረሰቦች እንዲሰጥ በሕግ ወስናለች። ሩዋንዳ በ2005 ከፓርኮች የቱሪዝም ገቢ 5 በመቶ መስጠት ጀምራ በ2017 ወደ 10 በመቶ አሳድጋዋለች። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ ገበሬው ቆጥሮ ሊጠይቀው ይችላል። በእኛ የፌዴራል ፓርኮች የመግቢያው ክፍያ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሲገባ ኖሯል። ጎረቤቱ የሚያየው የቱሪስት መኪና አቧራውን ብቻ ነው።

ከመቶኛ የሚበልጥ ምሳሌ ግን በመንዝ አለ። የጓሳ ሣር ምድር በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ ያለ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። የአካባቢው ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። በየሰበካው የተመረጠ አባ ቄራ የሚባል የሣሩ አስጠባቂ ኃላፊ ነበር። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ለክዳን፣ ለገመድ የሚሆነው በተወሰነ ቀን ይታጨዳል። ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። በ1975 የመሬት ለአራሹ አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አደራጅቶታል። በኋላ የፍራንክፈርት ዞሎጂካል ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች ሲመጡ ያገኙት ባለቤት ያለው ቦታ ነው። ገንዘባቸው የነበረውን አጠናከረ። የማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያም በዚሁ መንገድ ቆመ።

ወደ አንድ አዲስ ቦታ የምትሄዱ አጋሮች ሆይ፣ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት በአካባቢው የቆየ ዳኝነት፣ የቆየ የግጦሽ ሕግ፣ የቆየ የውኃ ተራ ካለ ጠይቁ። ሁልጊዜ አለ ማለት ይቻላል። በላዩ ሌላ ኮሚቴ ስትደርቡበት አሮጌው ይዳከማል፣ አዲሱም በውሎ አበል ብቻ የሚሰበሰብ ሆኖ ይቀራል።

ጥቅሙም ለሰዉ የሚታይ ይሁን። በባሌ የውሻ ክትባቱ የሚወደድበት ምክንያት ይገባኛል። ያበደ ውሻ ቀበሮን ብቻ ሳይሆን ላሙንም ልጁንም ይነክሳል። ከብት ጠባቂው ውሻውን በራሱ ገመድ አስሮ፣ አፉን በእጁ ይዞ የሚያስከትበው ለራሱ ቤት ሲል ነው።

በዐውደ ጥናት ብዛት መመካት

ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ጉባኤ ተካሄደ የሚል ሪፖርት ለለጋሽ ይበቃው ይሆናል። ስንት ቀን ቅኝት ተደረገ፣ ስንት ውሻ ተከተበ፣ ስንት ሄክታር ከእርሻ ዳነ የሚለው ግን ፓርኩን የሚመለከተው ነው። መጥፎውንም ቁጥር ጻፉ። የዋልያ ቁጥር መቀነሱ በጊዜው ካልተነገረ ዕርዳታውም በጊዜው አይደርስም።

መውጫውን አለመጻፍ

ውል ሲፈረም ስለ ፍቺ ማንሣት የሚያሳፍር ይመስላል። በኋላ ግን ሁሉም ይጣላበታል። አጋሩ ሲወጣ መኪኖቹ ለማን ይቀራሉ? በፕሮጀክቱ የተቀጠሩ ስካውቶች ወደ መንግሥት ቋሚ መደብ ይዛወራሉ ወይስ ይሰናበታሉ? የዓመታት የቆጠራ መረጃ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በውጭ አገር ተመራማሪ እጅ? የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ክልሉና ወረዳው እያንዳንዳቸው ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ የትኛውን ወጪ ይረከባሉ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልሳቸው በውሉ ውስጥ፣ በዓመትና በብር ተጽፎ ይገኝ። የመጨረሻው ዓመት ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም የወጪው ግማሽ በተረካቢው በጀት ውስጥ መግባቱ ይጣራ።