ኤ.ኤ. ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐኪሜ “አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ሂድ” (ኤ.ኤ. የሚባለው፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው) ያለኝ ሳምንት፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሞተር ሳላጠፋ ቁጭ ብዬ የሚገባውን ሰው ስቆጥር አመሸሁ። ስብሰባው ተጀምሮ አለቀ። እኔም ስመለስ ስድስት ቢራ ገዝቼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐበሾችን ይዤ ሄጃለሁ፤ ስህተታችን ይመሳሰላል።

“ሐበሻ ቢያየኝስ?” ብሎ መቅረት። ትልቁ ይሄ ነው። ያየዎት ሐበሻ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ጉዳይ ነው። መዝገብ የለም፤ መታወቂያ፣ የአባት ስም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ስምዎን ብቻ ይናገራሉ፤ እሱንም ከፈለጉ ነው። ካልሆነልዎ ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ይሂዱ፤ ወይም በዙም ካሜራ ዘግተው ይግቡ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባለው ነጻ አፕ (ሰማያዊ ላይ ነጭ ወንበር ያለበት) በአቅራቢያዎ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ምስጢር መጠበቁ የቤቱ ልማድ ነው እንጂ እንደ ጠበቃ ወይም እንደ ሐኪም በሕግ የታሰረ የለም። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ካለዎት ዝርዝሩን እዚያ አያውሩ።

አድራሻው ቸርች ስለሆነ መሸሽ። ኦርቶዶክሱ “ጴንጤ ሊያደርጉኝ ነው” ይላል፤ ሙስሊሙም ደጃፉን አይቶ ይመለሳል። ቡድኑ ምድር ቤቱን የተከራየ እንግዳ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይነሳል፣ አልክድም፤ “እያንዳንዱ እንደሚረዳው” ተብሎ ነው የሚነሳው። መጨረሻ ላይ ክብ ሠርተው ሲጸልዩ ዝም ብለው መቆም ይችላሉ። ጭራሽ ካልተስማማዎት ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው ከሃይማኖት ነጻ ነው። የኤ.ኤ. አባልነት ክፍያ የለውም። የምትዞረው ቅርጫት አንድ ዶላር፣ ሁለት ዶላር ትሰበስባለች፤ አዲስ ሰው ባዶ እጁን ቢያሳልፋት ማንም አያየውም።

ስብሰባውን እንደ ሕክምና ቆጥሮ መጠጥ በድንገት መተው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱ እንደሚጥል በሽታ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይሄ ይገድላል። ጠዋት እጅዎ እየተንቀጠቀጠ፣ ሲቀምሱ ብቻ የሚረጋጋ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ። ጸበል ለመግባት ብሎ በድንገት ማቆምም ያው ነው፤ ጸበሉ ሐኪምን አይከለክልም።

ሳያጣሩ ሰው ይዞ መሄድ። “ክሎዝድ” የተባለው ስብሰባ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው፤ “ኦፕን” ማንንም ይቀበላል። የአክስቴን ልጅ ይዤ ክሎዝድ ገብቼ ልጁ ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ቆሟል። ባሏን ጎትታ ለማምጣት የምትደክም እህት ደግሞ እሱን ትታ ራሷ አል-አነን ትሂድ፤ ለቤተሰብ የተቋቋመ ነው። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ዳኛ የላከውም፣ መገኘቱ የሚፈረምለትን ወረቀት ከስብሰባው በፊት ለመሪው ይስጥ።

ሽማግሌ መሆን። ይሄ የኛ ነው። ሰውየው “ሚስቴ ጥላኝ ሄደች” ብሎ ሳይጨርስ፣ አንዱ ወገናችን እጁን አውጥቶ “ወንድሜ፣ እንደኔ እንደኔ…” ብሎ ማስታረቅ ሲጀምር አይቻለሁ። በኤ.ኤ. ሰው ተናግሮ ሲጨርስ መልስም ምክርም አይሰጥም፤ ቀጣዩ ስለ ራሱ ያወራል። ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው፦ በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ አንድ የአክሲዮን ደላላ አንድ ጠጪ የቀዶ ጥገና ሐኪም አግኝቶ፣ ሳይሰብክ የራሱን ውድቀት አወራለት። ሐኪሙን የያዘው ያ ነው። መናገር ካልፈለጉ “ዛሬ እሰማለሁ” ብለው ማለፍ ይቻላል።

ስፖንሰር የሚለውን ቃል በኛ ትርጉም መውሰድ። ለኛ ስፖንሰር ማለት ፕሮሰስ የሚያስጀምር፣ ወረቀት የሚፈርም ሰው ነው፤ ዓረብ አገር የሠራ ደግሞ “ከፊል” የሚባለው አሠሪው ትዝ ይለዋል። እዚህ ስፖንሰር ቀድሞ ያቆመና አሥራ ሁለቱን እርምጃዎች (የኤ.ኤ.ን ከመጠጥ የመላቀቂያ መንገድ) አብሮዎት የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ገንዘብ አያበድርም፣ ሥራ አያስገባም፣ ቀጣሪም አይደለም። እንደ ልማዱ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ይሆናል።

አርፍዶ ገብቶ ቀድሞ መውጣት። አንድ ስብሰባ ደብሮኝ “አይሆነኝም” ብዬ ነበር፤ የምሽቱ ቡድን ደብሮዎት የቅዳሜ ጠዋቱ ሊመችዎ ይችላል፣ አምስት ስድስቱን ይሞክሩ። ግን ለማንኛውም ቡድን አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፣ ሲያልቅም አይሩጡ። እኔ ሮጬ ስወጣ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሸምገል ያለ ጥቁር አሜሪካዊ በር ላይ ያዘኝ። ቡና በያዘበት የወረቀት ኩባያ ጀርባ ላይ ቁጥሩን ጽፎ፣ ቡናውን ጨልጦ፣ ኩባያውን ሰጠኝ። “ከመጠጣትህ በፊት ደውል፤ ከጠጣህ በኋላማ ማንም ይደውላል” አለኝ። አርብ ሌሊት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።