ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለሥዕል ሥራችሁ ትንሽ ግራንት ለመጠየቅ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዘን አንድ በጣም ጎበዝ ሰዓሊ ልጅ "ግራንት የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው እኛ ጋ አይደርስም" አለኝ። ስንቴ አመለከትክ ስለው አንዴም። ይሄ ነገር አንጀቴን በላኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ በእጃቸው ተአምር ሚሠሩ ግን ፎርም ሲያዩ ሚሸሹ ልጆችን ብዙ አውቃለሁ። ለነሱ ነው ምጽፈው።

መጀመሪያ ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ይግባችሁ። ትንሽ ግራንት ማለት ብድር አይደለም፣ ጋለሪ መክፈቻም አይደለም፣ ለጥቂት ወራት እጃችሁ ሥራው ላይ እንዲቆይ ጊዜና ቀለም ሚገዛላችሁ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ሆላንድ ያለው ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ከ2021 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሲድ አዋርድ ሚባል ለጀማሪ አርቲስቶች 5,000 ዩሮ ሚሰጥበት አለው። ካናዳ ያለው ኤልዛቤት ግሪንሺልድስ ፋውንዴሽን ደግሞ ለወጣት ሰዓሊና ቀራፂ ይሰጣል፣ ግን ሰውም ሆነ ቦታ ሲታይ ሚታወቅ ሥዕል ብቻ ነው ሚቀበለው፣ አብስትራክት ምትሠሩ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ። አዲስ አበባ ያሉትን የጎተ ኢንስቲትዩትን እና የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን ገፆችም ፎሎው አድርጉ። መስፈርቱን ሁሌ ራሳችሁ ከገፁ አንብቡ እንጂ ቴሌግራም ላይ ሰው የጻፈውን አትመኑ፣ ለማመልከቻ ብር ክፈሉ ያለ ካለ ደግሞ ዝጉት።

አሁን ዋናው ነገር። "ሙያዬን ማሳደግ እፈልጋለሁ" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ምንም አይታየውም። ይልቅ እንዲህ በሉ፣ ለአራት ወር በየሳምንቱ ሰኞ ገበያ እየሄድኩ ሰፌድና መሶብ ሚሸጡትን እናቶች እስላለሁ፣ ከዛ ንድፍ 12 ትልልቅ የአክሬሊክ ቀለም ሥዕል እሠራለሁ፣ እስከ ዛሬ በትንሽ ወረቀት ብቻ ነበር ምሠራው፣ ትልቅ ሸራ ላይ መሥራት ልማርበት እፈልጋለሁ። አያችሁ? የት፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ምን አዲስ ነገር ትማሩበታላችሁ፣ አለቀ። ይሄን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፣ ለጓደኛችሁ እንደምታወሩት አድርጋችሁ፣ ከዛ እንግሊዝኛ ሚችል ሰው ጋ ቁጭ ብላችሁ ቀይሩት። ቀጥታ በእንግሊዝኛ ስንጀምር ሁላችንም ከኢንተርኔት የለቀምነውን ቃል ነው ምንደረድረው፣ የኛ ድምፅ ይጠፋል።

ሌላ ደግሞ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ "ስለ ጦርነቱ ካልሠራሁ አይሰጡኝም" ሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ውስጣችሁ ያለው እሱ ከሆነ ሥሩት፣ ብዙ ነገር አይተናል፣ ሙዚየማችን እንኳ ተዘርፏል። ግን ውስጣችሁ ያለው የጦሳ ተራራ ጉም ወይም የእናታችሁ ጓዳ ከሆነ እሱን ጻፉ። ቁስልን ለገንዘብ ሲሉ ማውጣት ሰውን ይጎዳል፣ ሥዕሉም ላይ ይታወቃል።

ፎቶ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ዳኞቹ ሸራችሁን አያዩትም፣ ፎቶውን ነው ሚያዩት። ፍላሽ አጥፉ፣ ሥዕሉን ውጪ ጥላ ቦታ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ስልኩን በሥዕሉ መሀል ትክክል ይዛችሁ አንሱ፣ ጠርዙ ከተጣመመ እንደገና። ደሴ ደመናማ ስትሆን ብርሃኑ ለስለስ ስለሚል ለዚህ እንደውም አሪፍ ነው፣ ሚያቃጥል ፀሐይ ላይ አታንሱ። በቴሌግራም ለሰው ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዛ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ከእያንዳንዱ ጋር ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ በሴንቲሜትር ይጻፍ። 8 ጥሩ ሥዕል ከ20 ዝብርቅርቅ ይሻላል፣ አብረው ሚሄዱትን ምረጡ።

ባጀት ላይ እውነቱን ጻፉ። አክሬሊክና ጥሩ ብሩሽ ከአዲስ አበባ ማምጣት ካለባችሁ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ይግባ። ሸራ ካልተገኘ አቡጀዲ ወጥራችሁ ራሳችሁ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ሚቀባውን) ምትቀቡ ከሆነ እሱን ጻፉ፣ የጣውላውንና የአናጢውንም። የምትሠሩበት ክፍል ኪራይም ወጪ ነው። እና ለራሳችሁ ክፍያ አስገቡ፣ እባካችሁ፣ ብዙዎቻችን እናፍራለን፣ ግን አራት ወር ሙሉ ያለ ምግብ አይሣልም፣ የግራንቱ ማስታወቂያ ካልከለከለ በቀር ተገቢ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አልፏል፣ ቀለም ደግሞ ከውጭ ነው ሚገባው፣ ስለዚ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንዳሰላችሁ ጻፉና ከተፈቀደ መጠባበቂያ ያዙ። ከሱቁ ፕሮፎርማ ብትወስዱ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

ስማችሁን ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ ግራንት ደርሶኝ ብሩ ሦስት ሳምንት ባንክ ቆሞብኛል፣ ፎርሙ ላይ ስሜን በእንግሊዝኛ የጻፍኩበት ፊደል ከአካውንቴ ጋር በአንድ ሆሄ ስለተለያየ ብቻ። በፋይዳችሁ፣ በፓስፖርታችሁ ካላችሁ፣ በባንክ ደብተራችሁ ያለው አጻጻፍ አንድ መሆኑን ሳታመለክቱ በፊት እዩ፣ እስከ አያት ስም። ከውጭ ብር ለመቀበል ሚጠየቀውን የባንኩን መለያ፣ ስዊፍት ኮድ ሚባለውንም ቅርንጫፉን ጠይቃችሁ ያዙ።

ዴድላይኑ በፈረንጅ ቀንና በነሱ ሰዓት ነው። የአውሮፓ እኩለ ሌሊት ክረምታቸው ላይ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ለኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ግን እሱን አትጠብቁ፣ መብራት ይጠፋል ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩና የደረሰ ማረጋገጫውን ስክሪንሾት አንሱ።

እምቢ ካሏችሁ አብሽሩ፣ አስተያየት ካለ በትህትና ጠይቁ፣ ያንኑ ፕሮፖዛል አስተካክላችሁ ለሌላ ላኩት። ከሰጧችሁ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ደረሰኝ አንድ ፖስታ ውስጥ አጠራቅሙ፣ ደረሰኝ ከሌለው አናጢ በስሙና በፊርማው ወረቀት ተቀበሉ፣ ስትሠሩም በየሳምንቱ አንድ ፎቶ አንሱ፣ ሪፖርቱን ስትጽፉ ሚጠይቋችሁ እሱን ነው።