የምድጃ እንጨት አደራረቅና አነዳድ

ምድጃው ቢያጨስ፣ የበሩ መስታወት ቢጠቁር፣ ቤቱም አልሞቅ ቢል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ማትነን አለበት። ለማንደድ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መውረድ ይኖርበታል።

ግንዱን በእርጥቡ ፍለጡት፤ ቅርፊቱ ውሃ አያስወጣም። ፍልጡ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይወፍር፤ ርዝመቱ ከምድጃው ሆድ ጥቂት ይጠር። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ከላይ ብቻ ክደኑ። ጎኑንም በላስቲክ መጠቅለል እንጨቱን ማሻገት ነው። ለመድረቅ ለስላሳው እንጨት ከ6 እስከ 12 ወር፣ ጠንካራው እስከ 2 ዓመት ይፈልጋል። እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ፍልጡን እንደገና ሰንጥቃችሁ የውስጡን ገጽ ለኩ፤ የውጪው ያታልላል።

ምድጃ ስትመርጡ ትልቁን አትመኙ። ክፍሉ ሲግልባችሁ የአየር መግቢያውን ትዘጋላችሁ፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይለጥፋል። አንድ ቀን የሚቀጣጠለው እሱ ነው!

ስትለኩሱ ወፍራሙን ከታች፣ ጭራሮውን ከላይ አድርጉ። አየሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ፍልጡ በደንብ ከተያያዘ በኋላ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንዴ አስጠርጉ።