የጦር ጠመንጃ ለአደን ይሆናል ወይ? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ደሴ ላይ ጠመንጃ ስፈታና ስገጥም ብዙ ክረምት አልፏል። የሚመጣልኝ በአብዛኛው ከአያት የወረደ ቤልጅግ (ቤልጅግ ሠራሹ ሞዘር) ወይም ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ ነው፤ አልፎ አልፎ እንግሊዝ ሰራሹ ሊ ኤንፊልድም ይመጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለአደን ይሆናል?» ፈቃዱን ሳላይ አልፈታም። መሣሪያ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአደኑ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ለብቻው አለ። ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ ላይ ሊያነጣጥር የሚያስብ ሰው ከእኔ ዘንድ አይምጣ።

መለኪያዬ ቀላል ነው። በ100 ሜትር ርቀት፣ ጠመንጃው ተደግፎ፣ 5 ጥይት በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ካላረፈ በእንስሳ ላይ አይተኮስበትም። አቁስሎ መስደድ አደን አይደለም።

ጥይቱ ይበተናል

ከአስር ጠመንጃ ሰባቱ የሚመጣብኝ በዚህ ነው። ባለቤቱ ማነጣጠሪያውን ይጠረጥራል፤ ሞራጁም ማነጣጠሪያውን ይሞርዳል። ጥፋቱ ግን ያለው የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ነው። ጥይት ከብረቱ ሲለቅ ዙሪያውን እኩል መልቀቅ አለበት። ጫፉ በአንድ ጎን ከተበላ ባሩዱ የሚፈጥረው ግፊት በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ይገፋዋል።

ከተሁለደሬ አንድ አባት ቤልጅግ ይዘው መጡ። ሰደፉ ከእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ዋንጫ ያብለጨልጫል፤ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ይመስላል። «በ100 ሜትር ግማሽ ክንድ ይስታል፤ ማነጣጠሪያውን ሁለት ጊዜ አስሞርጄዋለሁ» አሉኝ። ባሩዱም መለኮሻውም የወጣለትን ጥይት አንስቼ ሹል አፉን በአፈሙዙ አስገባሁት። ደህና ጠመንጃ ላይ የአረሩ ጉልህ ክፍል ከውጭ ይቀራል። ያ ግን እስከ ቀለሃው ከንፈር ሰመጠ።

«አባቴ፣ በምንድን ነው የሚወለውሉት?»

ከጨርቅ ጠቅልለው ባለ 6 ሚሊ ፌሮ አወጡ። አባታቸውም በዚያው ሲወለውሉ ኖረዋል። ሁለት ትውልድ በአፈሙዙ በኩል ፌሮ ሲያስገባና ሲያስወጣ ጫፉን እንደ ጉድጓድ ገመድ በልቶታል። እኔም «አብሽር፣ ይድናል» አልኳቸው፤ ዳነም።

መፍትሄው ጫፉን በቶርኖ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቆርጦ፣ ቀጥ ብሎ መድረሱን አረጋግጦ፣ የውስጥ ጠርዙን ማለስለስ ነው። መቁረጥ ካልተቻለ የተበላው ክፍል ከውስጥ በስፋት ይቦረቦራል፤ የሶቪየት ማደሻዎች በብዙ ሞሲን ናጋንት ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሴጌቶና ሞረድ ይዞ «እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሰው ካያችሁ ጠመንጃችሁን አንሱና ሂዱ። አንድ ወጣት በሴጌቶ ቆርጦ ያመጣልኝን ለማቅናት ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ብረት ማንሳት ግድ ሆኖብኛል።

ከዚያ በኋላ ከቃታው በኩል፣ ማለትም ጥይት ከሚጎርስበት ከኋላው፣ ወልውሉ። ካርካኖና ቤልጅግ ቃታቸው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል፤ ከአፈሙዝ በኩል የሚያስገድዳችሁ ነገር የለም። ዘንጉም ናስ ይሁን።

ውስጡ ጠቁሯል፣ ጎርበጥባጣ ሆኗል

የቆየ የጦር ጥይት መለኮሻው ሲነድ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ሲወርድ ደሴ ውስጥ እርጥበት አይጠፋም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዘይት ይቀባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ከላዩ ይሸፍነዋል፤ ብረቱም ከሥር ይበላል። የሚያሟሟው ውሃ ነው። በተኮሳችሁበት ዕለት፣ ሳታሳድሩ፣ ትኩስ ውሃ በቱቦው ውስጥ አሳልፉ፤ በጨርቅ አድርቁ፤ ዘይቱን ከዚያ ቀቡ። የምግብ ዘይት አትቀቡ። ቅቤም አትቀቡ!

ቱቦው ጠቁሮም ጥይቱን የሚያሽከረክረው የውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ጠርዙ ከጸና አሁንም ሊተኩስ ይችላል፤ በመለኪያው ፈትኑት። ቦዩ ከጠፋ ግን የሚጠገን ነገር የለም።

እንስሳው ተመትቶ ይሄዳል

የጦር ጥይት አረሩ ከኋላው በስተቀር ዙሪያውን እስከ ጫፉ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። አካልን በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ገደል ገብቶ ሌሊቱን ሲሰቃይ ያድራል። ለአደን የሚሆነው ጫፉ እርሳስ የሆነ፣ ሲመታ የሚሰፋ ጥይት ነው። እሱ ካልተገኘ አደኑ ይቅር።

የጦር ጥይትን ጫፍ ሞርዳችሁ አትተኩሱ። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። አረሩ ከኋላው ክፍት ስለሆነ፣ ጫፉም ሲከፈት እርሳሱ ተስፈንጥሮ ይወጣና ልባሱ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩ ተኩስ ጠመንጃውን ፊታችሁ ላይ ያፈነዳዋል።

ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይመታል

ብልሽት አይደለም። ማነጣጠሪያው የተሠራው ለጦር ሜዳ ርቀት ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የረጅሙ የጀርመን ሞዘር 98 ዝቅተኛ ምልክት 400 ሜትር ነበር። የፊቱን ማነጣጠሪያ ረዘም ባለ ማስቀየር ነው። ምላጩ ሁለት ደረጃ ያለው መሆኑም የጦር መሣሪያ ባሕርዩ ነው፤ አትሞርዱት።

አጫጭር ማስጠንቀቂያዎች

ቀለሃው ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን ከተሰነጠቀ ተኩስ አቁሙ።

8 ሚሊ የሚባል ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ የፈረንሳዩ ለበን ጥይትና የሞዘሩ 7.92 በ57 የተለያዩ ናቸው። «ገብቶለታል» ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ውጅግራ የሚባለው አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የ1874 ሥሪት፣ ባለ 11 ሚሊ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ልክ የነበረው ደሴ ላይ ሳተ

ይህን ለማመን የሚቸገር ብዙ ነው። በበጋ ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ነሐሴን ደሴ ሲከርም እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ብረቱንም በአንድ ጎን ይጫነዋል። የተጠረጠረውን ጠመንጃ እንጨቱን ፈትታችሁ የቱቦውን ማረፊያ እዩ፤ ብረቱ የሚጫነው ቦታ ላይ እንጨቱ ታሽቶ አብለጭልጮ ይታያል። እሱን ብቻ በስሱ ፋቁት፤ ወረቀት በመካከላቸው እስኪያልፍ ድረስ። እዚያው እያላችሁ ከሥር የተደበቀ ዝገት ካለ አንሱት። ከዚያ እንጨቱን ከውስጥም ከውጭም የተልባ ዘይት ቀብታችሁ፣ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ግጠሙትና እንደገና ወደ 100 ሜትሩ ተመለሱ።